ዓይን ውስጥ የሚሰጠው መርፌ፦ ከመወጋት በፊት፣ በዕለቱና ወደ ጽጽቃ ከተመለሱ በኋላ

"ዓይን ውስጥ መርፌ" ሲባል የማይደነግጥ የለም። አንድ አዛውንት ሐኪም ቤት ሄደው "አባባ፣ መርፌ ዓይንዎ ውስጥ እንሰጥዎታለን" ቢባሉ፣ "ይቅርብኝ፤ የቀረችኝንም ብርሃን ታጠፉብኛላችሁ" ማለታቸው አያስገርምም። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ በዚህ መርፌ ምክንያት ዓይናቸውን ያጡ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ፤ ወደ በኋላ እንነግራችኋለን።

ግን ዛሬ ልናስጨብጣችሁ የፈለግነው ዋና ነገር ይህ ነው። መርፌው በትክክለኛው ቦታ፣ በንጹሕ መድኃኒትና በሠለጠነ እጅ ከተሰጠ አደጋው ጥቂት ነው። ለዋግ ሰው ከባዱ ጊዜ ከመርፌው በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ታካሚው ወደ ጽጽቃ፣ ወደ አምደወርቅ ወይም ወደ አስከተማ ተመልሶ፣ ከወጋው ሐኪም ርቆ የሚገኘው በዚያ ሳምንት ነውና። ስለዚህ ጥንቃቄው መርፌው ሲወጣ አያበቃም። እንዲያውም ገና መጀመሩ ነው።

ለመሆኑ በሽታው ምንድን ነው?

ዓይናችን ከኋላው በኩል ብርሃን የሚቀበል ሥሥ ሽፋን አለው፤ ሬቲና ይባላል። የሬቲና መሐል ደግሞ ማኩላ ይባላል። ፊደል የምናነብበት፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የምናስገባበት፣ የሰው ፊት የምንለይበት ቦታ እሱ ነው። ዕድሜ ከ50 ሲያልፍ፣ በተለይ ከ60 በኋላ፣ ይህ ቦታ በአንዳንድ ሰዎች ላይ እየተጎዳ ይሄዳል። ሲጋራ ማጨስና በቤተሰብ ውስጥ በሽታው መኖሩ አደጋውን ይጨምራሉ።

በሽታው ሁለት ዓይነት ነው፤ "ደረቁ" እና "እርጥቡ"። ከ10 ታካሚዎች 9 ያህሉ ደረቁ ያለባቸው ናቸው፤ እሱ ቀስ እያለ በዓመታት የሚሄድ ነው። እርጥቡ ግን ፈጣን ነው። ከሬቲናው ሥር ጤነኛ ያልሆኑ ደካማ የደም ሥሮች ይበቅሉና ፈሳሽና ደም ያፈሳሉ። በሳምንታት ውስጥ የዕይታን መሐል ሊያጠፋ ይችላል። ዛሬ የምናወራው መርፌ ለእርጥቡ ነው። ለደረቁ አይረዳም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "የኔ እርጥቡ ነው ወይስ ደረቁ?" የሚለው መሆን አለበት።

በእኛ አካባቢ ይህ በሽታ ለምን ይደበቃል?

በዋግ ኽምራ ስለ ዓይን ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ትራኮማ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በጋዝጊብላ፣ በሰቆጣ ዙሪያና በደሃና ወረዳዎች ውሃና ንጽህና ትራኮማን ይቀንሱ እንደሆነ የፈተሸ፣ በዓለም የሕክምና መጽሔት የወጣ ትልቅ ጥናት ተካሂዷል። የዚትሮማክስ እደላን የማያውቅ ቤትም ጥቂት ነው። ከትራኮማ ቀጥሎ ሰው የሚያውቀው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በመላ አገሪቱ የተካሄደው የዓይነ ስውርነት ጥናት እንዳሳየው፣ ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ግማሽ ያህሉን የያዘው ሞራ ግርዶሽ ነው (49.9 በመቶ)፤ በትራኮማ የመጣ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ነበር። የማኩላ መጎዳት ደግሞ 4.8 በመቶ ሆኖ ከግላኮማ ብዙም ሳይርቅ ተቀምጧል። ማለትም በሽታው "የፈረንጅ በሽታ" አይደለም፤ እኛም ጋ አለ። ችግሩ ከውጭ ሲታይ ዓይኑ ጤነኛ መምሰሉ ነው። አይቀላም፣ አያመነጭም፣ አያምም። "እርጅና ነው" ተብሎ ይታለፋል፤ ወይም "ሞራ ነው፣ ሲበስል ይወጣል" ተብሎ ይጠበቃል። እርጥቡ ማኩላ ግን ጠብቀውት የሚበስል ነገር የለውም። በተጠበቀ ቁጥር ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳውን ደግሞ መርፌ አይመልሰውም።

ቤት ውስጥ የምትሞክሩት ቀላል ፍተሻ እነሆ። አባታችሁን ወይም እናታችሁን አንድ ዓይናቸውን በመዳፍ ሸፍነው በሌላው ብቻ የበሩን መቃን ወይም የቆርቆሮ አጥሩን መስመር እንዲያዩ አድርጉ። ከዚያ ዓይኑን ቀይሩ። ቀጥ ያለው መስመር የተጣመመ ወይም የሚወዛወዝ ከመሰላቸው፣ ወይም መሐሉ ላይ ጥቁር ነገር ከተጋረደባቸው፣ በዚያው ሳምንት የዓይን ሐኪም ማየት አለባቸው። ዳዊት የሚደግም ሰው "የመስመሩ ዳርና ዳር ይታየኛል፤ መሐሉ ያለው ፊደል ግን ይጠፋብኛል" ካለም ምልክቱ ይኸው ነው። ሁለቱን ዓይን ለየብቻ መፈተሽ የግድ ነው፤ ጤነኛው ዓይን የታመመውን ይሸፍንለታልና።

መርፌው ምን ያደርጋል?

ሰውነታችን አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል የሚያዝ ንጥረ ነገር ያመነጫል። እርጥቡ ማኩላ ያለበት ዓይን ውስጥ ይህ ንጥረ ነገር ይበዛል። መድኃኒቱ እሱን ይዞ ያስቀረዋል፤ ሥሮቹ ማፍሰስ ያቆማሉ፣ ፈሳሹም ይደርቃል። ራኒቢዙማብ የተባለው መድኃኒት የተሞከረበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ በየወሩ ከተወጉት 100 ሰዎች የ95 ያህሉ ዕይታ በዓመቱ ብዙም አልቀነሰም። ካልተወጉት ግን እንዲህ የሆነላቸው 62 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሙሉውን መጠን ከተወጉት ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ያህል በግልጽ የተሻለ ማየት ጀመረ።

ሆኖም መርፌው አንዴ ተወግተው የሚገላገሉት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ለሦስት ወር በየወሩ ይሰጣል። ከዚያ ሐኪሙ ዓይኑን እያየ ቀጠሮውን ወደ ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም አሥራ ሁለት ሳምንት ያራዝመዋል። "ተሽሎኛል" ብሎ ማቆም ሥሮቹ ተመልሰው እንዲያፈሱ መንገድ መክፈት ነው።

አቫስቲን፦ ርካሹ መድኃኒትና ታሪኩ

በአገራችን ለዚህ ሕክምና በብዛት የሚታወቀው ቤቫሲዙማብ ነው፤ ሰው በንግድ ስሙ አቫስቲን ይለዋል። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለአንጀት ካንሰር ነበር። በዓመቱ የዓይን ሐኪሞች በትንሽ መጠን ዓይን ውስጥ ሲሰጡት እንደሚሠራ አዩ። ስለዚህ "ለዓይኔ የካንሰር መድኃኒት አዘዙልኝ" ብላችሁ አትደንግጡ፤ ካንሰር አለባችሁ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የወጣ፣ ከ1,200 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት አቫስቲንን ከውዱ ሉሴንቲስ ጋር አወዳድሮ ዕይታን በማዳን እኩል ናቸው አለ። ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የአንዱ መርፌ ዋጋ 50 ዶላር ያህል፣ የሌላው 2,000 ዶላር ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም ጤና ድርጅት ቤቫሲዙማብን ለዓይን ሕክምና መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። አይሊያና ቫቢስሞ የሚባሉ ሌሎችም አሉ፤ ውድ ናቸው።

ታዲያ ርካሽ የሆነው መድኃኒት አንድ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብልቃጡ የተሠራው ለካንሰር ታካሚ ነው። ትንሹ ብልቃጥ 4 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ለአንድ ዓይን የሚበቃው ግን 0.05 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ በትናንሽ ሲሪንጅ ይከፋፈላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሲከፋፈል ተህዋሲ ከገባበት ከዚያ ብልቃጥ የተወጉት ሁሉ ባንዴ ይጎዳሉ።

የሆነውም ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሻንግሃይ ውስጥ አስመስለው በሠሩት ሐሰተኛ አቫስቲን 61 ሰዎች ዓይናቸው ተቆጣ። በ2011 ማያሚ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ባዘጋጃቸው ሲሪንጆች 12 ሰዎች ዓይናቸው ውስጥ ከባድ ኢንፌክሽን ያዛቸው። በ2023 ፓኪስታን፣ ፑንጃብ ክፍለ ሀገር በደርዘን የሚቆጠሩ የስኳር ሕሙማን ንጽህናው ባልተጠበቀ ቦታ ከተከፋፈለ መድኃኒት በኋላ የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። በሦስቱም ቦታ ያጠፋው ሐሰተኛነትና የንጽህና ጉድለት እንጂ መድኃኒቱ ራሱ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው ይህን ነው፦

• መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ዘመድ ከውጭ አገር በሻንጣ ይዞት የመጣ፣ ወይም በአውቶቡስ ወንበር ሥር የተጓዘ ብልቃጥ ለዓይን አይሆንም። ወንድም እህቶቻችሁ ከውጭ መርዳት ከፈለጉ የሕክምናውንና የጉዞውን ወጪ ይሸፍኑ።
• ከመንገድ ሻጭ ወይም "በርካሽ አመጣልሃለሁ" ከሚል ሰው አትግዙ። የተጠራጠራችሁትን መድኃኒት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ጠቁሙ።
• "መድኃኒቱ የት ነው የሚከፋፈለው? ብልቃጡ መቼ ነው የተከፈተው?" ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ሐኪም ይህን ጥያቄ ይወደዋል።

ከመወጋት በፊት ለሐኪሙ የምትነግሩት

ከዋግ ለሚሄድ ታካሚ አንድ ነገር በጣም ያስፈልጋል። ዓይኑ የሚያመነጭ ከሆነ፣ ቆቡ ካበጠ፣ ወይም የዓይን ፀጉሩ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ የሚወጋው ከሆነ አስቀድሞ ይናገር። የተመረዘ ቆብ ባለበት ዓይን ውስጥ መርፌ ማስገባት ጀርሙን ወደ ውስጥ መግፋት ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይታከማል። በቅርብ ወራት ስትሮክ ወይም የልብ ድካም የደረሰበት ሰው፣ እርግዝና ያላት ሴት፣ አዮዲን የማይስማማው ሰውም ይናገሩ። የደም ማቅጠኛ ክኒን የሚወስድ ሰው ይንገር እንጂ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ።

በዕለቱ ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ የማደንዘዣ ጠብታ ይደረጋል። ቀጥሎ የዓይን ቆብና ዓይኑ ራሱ በፖቪዶን አዮዲን ይታጠባሉ። ያቃጥላል፤ ግን ከኢንፌክሽን የሚጠብቀው ዋናው ነገር ይኸው ስለሆነ "ተዉት፣ ያቃጥለኛል" አትበሉ። ቆቡ በትንሽ መሣሪያ ተከፍቶ ይያዛል። ታካሚው ወደ አንድ ጎን እንዲያይ ይደረግና በጣም ቀጭን መርፌ ከጥቁሩ የዓይን ክፍል 4 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ በነጩ በኩል ይገባል። መርፌው ፊት ለፊት አይመጣም፤ ታካሚውም አያየውም። መወጋቱ ራሱ የጥቂት ሰከንድ ነገር ነው፤ የሚሰማውም አብዛኛውን ጊዜ የመጫን ስሜት ነው።

በዚያች ሰዓት ሐኪሙም ታካሚውም ማውራት የለባቸውም። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ጀርሞች በትንፋሽና በምራቅ ፍንጣቂ ወደ ዓይን ሊገቡ ስለሚችሉ ነው። ለዚህም ነው አፍና አፍንጫ መሸፈኛ የሚደረገው። ሲያበቃ ሐኪሙ ጣቱን አሳይቶ "ስንት ነው?" ይላል፤ ማየት መቻሉን ሊያረጋግጥ ነው። ምንም ካልታየ ወዲያው ይነገር፤ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ ሊሆን ይችላል።

የትኛው ምልክት ደኅና ነው? የትኛው ያስሮጣል?

በነጩ ላይ ደም የመሰለ ቀይ ቦታ መታየቱ ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። አሸዋ የገባበት ያህል መቆርቆርም ከአዮዲኑ ነው፤ በማግስቱ ይሻለዋል። ትናንሽ ክብ ነገሮች ሲንሳፈፉ መታየታቸው ደግሞ የአየር አረፋ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል።

ከባዱ ነገር በዓይን ውስጥ የሚነሳ ኢንፌክሽን ነው። የሚደርሰው ከ2,000 እስከ 3,000 መርፌዎች በአንዱ ያህል ነው። ከደረሰ ግን ዓይንን በቀናት ውስጥ ያጠፋል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ቀን እስከ ሳምንቱ ድረስ ይታያል፦

• እያደር የሚብስ ሕመም፤
• እየጨመረ የሚሄድ መቅላት፤
• ብርሃን መፍራት፤
• የዕይታ መደብዘዝ፣ ወይም የሚንሳፈፉ ነገሮች መብዛት።

እንደ መብረቅ ብልጭ የሚል ብርሃን ወይም ከጎን የሚወርድ መጋረጃ የመሰለ ጥላ ከታየም ሬቲናው ተልጦ ሊሆን ስለሚችል እኩል ያስቸኩላል።

ልብ በሉ፤ ሁለተኛው ቀን ማለት ታካሚው አውቶቡስ ላይ ያለበት ወይም ገና ቤቱ የገባበት ቀን ነው። ለዚህ ነው እቅዱ ከመወጋት በፊት መሠራት ያለበት የምንለው።

ለዋግ ሰው የሚሆን እቅድ

አንደኛ፣ ጉዞው። የሬቲና ሐኪም ከዝቋላ ቀበሌዎች ቅርብ አይደለም። መንገዱ የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ወደ ላይ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ማዕከልና አዲስ አበባ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና ስመ ጥር ናቸው። የሬቲና ሐኪሙ በየትኛው ቀን እንደሚሠራና መድኃኒቱ መኖሩን በስልክ ሳታረጋግጡ ሽማግሌ ይዛችሁ አትነሱ። የጤና መድን መታወቂያው የታደሰ፣ ሪፈሩም በእጅ ያለ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ቆይታው። አቅም ከፈቀደ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ሦስት አራት ቀን እዚያው ከተማ ዘመድ ቤት ወይም አልጋ ይዞ መቆየት ገንዘብ ማባከን አይደለም። ካልተቻለ የመንገዱ አቧራ ዓይን እንዳይነካ መነጽር ይደረግ፤ ዓይን በነጠላም በእጅም አይታሽ።

ሦስተኛ፣ ወረቀቱ። የመድኃኒቱ ስም፣ የተወጋው ዓይን፣ ቀኑና የሆስፒታሉ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ሳይቀበሉ አይውጡ። አስታማሚው በስልኩ ፎቶ ያንሳው።

አራተኛ፣ ውሃው። ለጥቂት ቀናት፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ፣ ዓይን ውስጥ ምንም ውሃ አይግባ። ጸበሉን ተዉ አላልንም። መጠጣቱን ይጠጡ፤ ዓይን ላይ መረጨቱ ግን ለዚያች ሳምንት ይቆይ። የቅጠል ጭማቂ፣ የእናት ጡት ወተት፣ ኩል ፈጽሞ አይደረግ።

አምስተኛ፣ ቢያምስ? ይህ የጽሑፋችን ዋና ነጥብ ነው። በአቅራቢያ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ቀይ ዓይን ያየ ባለሙያ ቴትራሳይክሊን ቅባት ሊሰጣችሁ ይችላል። ለትራኮማ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ዓይን ውስጥ ለገባ ኢንፌክሽን ግን አይደርስም። ቅባት ተቀብላችሁ "እስቲ ሦስት ቀን እንየው" ብላችሁ አትመለሱ። ከፋርማሲ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ፣ ለምሳሌ ዴክሳሜታዞን፣ በራሳችሁ ገዝታችሁ አታድርጉ፤ መቅላቱን ሸፍኖ በሽታውን ያሳድገዋል። የሚያድነው አንቲባዮቲክ እዚያው ዓይን ውስጥ በመርፌ ሲሰጥ ነው፤ እሱም በሰዓታት የሚለካ እሽቅድድም ነው።

ስለዚህ የገጠማችሁን ባለሙያ እንዲህ በሉት፦ "ይህ ዓይን በዚህ ቀን ውስጡ መርፌ ተወግቷል። አሁን ያመዋል፤ ማየቱም ቀንሷል። አስቸኳይ ሪፈር እንፈልጋለን።" ይህችን ዓረፍተ ነገር ታካሚውም አስታማሚውም ቃል በቃል ይያዛት። እየተጓዛችሁም ወደ ወጋችሁ ሆስፒታል ደውሉ።

መንገድ ቢዘጋስ?

መንገድ የሚዘጋበት፣ ትራንስፖርት የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ የዋግ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ቀጠሮ ሲያልፍ ሁሉም ነገር አበቃ ማለት አይደለም። "አንዴ አልፎኛል፣ ምን አደርጋለሁ" ብሎ መቅረት ነው ዓይንን የሚያጠፋው። መንገድ በተከፈተ ቀን ሂዱ። ከመጀመሪያው ቀንም ለሐኪሙ "የምመጣው ከሩቅ ነው" በሉት፤ ቀጠሮውን የሚያራዝምበትን መንገድና የሚስማማውን መድኃኒት እሱ ከዚያ ተነስቶ ያስባል። በመሐሉ የበሩን መቃን ፍተሻ በየሳምንቱ ቀጥሉ፤ በጤነኛው ዓይን ላይም ጭምር። አንድ ዓይን የተያዘበት ሰው ሁለተኛውም ሊያዝ ስለሚችል ነው።

ውድ ተከታታዮቻችን፣ በበሽታው የሚያዙት አብዛኞቹ አዛውንቶች ይህን ገጽ አያነቡም። የምታነቡት እናንተ ናችሁ፤ ሰቆጣ፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያላችሁ ልጆቻቸው። ጽሑፉን ማጋራታችሁ ጥሩ ነው። ከዚያ በፊት ግን ስልክ አንሱና "አባዬ፣ እስቲ አንድ ዓይንህን ሸፍንና የበሩን መቃን እይልኝ፤ ቀጥ ያለ ነው ወይስ የተጣመመ?" ብላችሁ ጠይቁ።